እግሬ እምቢ አለኝ

ያ ቅዳሜ ካለፈ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተረስቶኛል፤ ልጄ ጣና ዳር መሬት ላይ ተቀምጣ የተናገረችው ነገር ግን ክፍል ገብቼ ሳስተምርም፣ ማታ መብራት አጥፍቼ ስተኛም ይመጣብኛል።

ሚጡ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ጣቷን እያጠፈች ቀን ስትቆጥር ሰነበተች። ቅዳሜ ወደ ደብረ ማርያም ደሴት ልንሻገር ነበር፤ ሐሳቡም የእሷ ነበር። ስለ ታንኳ የማታውቀው ነገር የለም። ደንገሉ ታጭዶ እንደሚደርቅ፣ ተጠቅልሎ እንደሚታሰር፣ ውሃ እየጠጣ ሲሄድ እንደሚከብድና ከጉዞ ሲመለስ ዳር ወጥቶ ፀሐይ መሞቅ እንዳለበት ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትተርካለች። የደብተሯ የመጨረሻ ገጾች ታንኳ ብቻ ናቸው።

ጠዋት ክፍሏ ገባሁና «ተነሺ ሚጡዬ፣ ቀኑ ደረሰ! ቶሎ ብለሽ ታጠቢ፣ ልብስሽን ልበሺ፣ ቁርስሽን ብዪ፣ ፀሐይ ሳይበረታ እንድረስ» አልኳት። በአንድ ትንፋሽ አምስት ትዕዛዝ ነው። ያኔ አልቆጠርኩትም፤ ለእኔ ደስታዬን መግለጼ ነበር። ሚጡ መጀመሪያ እጄን አሞኛል አለች። ከዚያ ድመት ነኝ፣ ድመት ደግሞ ጫማ አታደርግም አለች። ስጫናት አልጋው ሥር ገባች። እኔም ዳር ስንደርስ፣ ታንኳውን ስታይ ይለቃታል ብዬ እንደ ከረጢት ተሸክሜ ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት።

አልለቀቃትም። ውሃው ዳር ስንደርስ ተቀመጠች፤ ከዚያ ተንከባለለች፤ ከዚያ ጩኸቷ ዓሣ የሚገዛውንም፣ ጀልባ የሚጠብቀውንም አሰባሰበ። አንዲት እናት «ለክፏት ይሆናል፣ ጠበል ውሰዳት ልጄ» አሉኝ፤ ከልባቸው አዝነው ነው። አንድ ጎልማሳ ደግሞ «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» አለ፣ እኔም እንድሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ። የሰው ዓይን ከበደኝ። ጎንበስ ብዬ ክንዷን ቆነጠጥኳት። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ሳልጽፈው ባልፍ ግን የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ጩኸቷ በአንድ ጊዜ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝና፣ እንባዋ በአፏ እየገባ «አባዬ፣ እኔ መሄድ እፈልጋለሁ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ» አለችኝ።

የሲባጎው ጥቅል

የማደርገው ጠፍቶኝ አጠገቧ ተቀመጥኩ። የተሰበሰበው ሰው ወሬው ሲያልቅበት ተበተነ። ከእኛ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው አንድ አዛውንት የተጎዳ ታንኳ ይጠግኑ ነበር። ያ ሁሉ ጩኸት ሲወርድ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብለው አላዩንም። ደንገሉን በጉልበታቸው ተጭነው ያስራሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ያስራሉ። መጀመሪያ ጆሯቸው የማይሰማ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው ሲሠሩ፣ ሚጡ በጉልበቷና በክንዷ መሃል ባለው ቀዳዳ አጮልቃ ስታያቸው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። እኔም ዝም አልኩ፤ ብልሃት ሆኖ ሳይሆን ቃል አልቆብኝ ነው። በመሃል አዛውንቱ ግራና ቀኛቸውን እየዳሰሱ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው «ሲባጎዬን የት አባቱ አደረግኩት» አሉ። ጥቅሉ ሚጡ እግር አጠገብ ወድቋል። እኔ አየሁት፤ «አንሺና ስጫቸው» ልል አፌ ከተከፈተ በኋላ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ መልሼ ዘጋሁት።

ሚጡ ተነሣች። እምቢ ባለው እግሯ ተነሣች። ጥቅሉን ወስዳ በእጃቸው ሳይሆን አጠገባቸው መሬት ላይ አስቀመጠችና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቆመች። እሳቸው ሲባጎውን አነሡና ሥራቸውን ቀጠሉ። «ጎበዝ» አላሉም፣ «ተባረኪ» አላሉም፣ «የማን ልጅ ነሽ» አላሉም። ጥቂት ቆይተው «ይህኛው ጎኑ ውሃ ጠጥቷል» አሉ፣ አሁንም ለታንኳው። «ፀሐይ ላይ መቆም አለበት» አለች ሚጡ። «አዎ» አሉ። የተነጋገሩት ይህን ብቻ ነው።

ያን ቀን ደብረ ማርያም አልተሻገርንም። እስከ እኩለ ቀን እዚያው ተቀምጣ ሲያስሩ ስታይ ዋለች። እኔ ግን ያየሁትን አምኜ መቀበል አቃተኝ። እኔ አባቷ፣ የምታምነኝና የምትወደኝ፣ በልመናም በቁንጥጫም ያላስነሣኋትን ልጅ አንድ የማያውቃት ሰው ሳይጠራት አስነሣት። እኚያ አዛውንት ምሥጢር የሚያውቁ ጠቢብ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ሥራ ላይ የነበሩ ሰው ናቸው። ከእሷ የፈለጉት ምንም ነገር አልነበረም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምንም ያልፈለጉባት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ሦስተኛው እምቢታ

እኛ እምቢታን የምናውቀው በሁለት መልኩ ነው። ለጠላት ሲሆን ጀግንነት ነው፤ ሽለላውና ፉከራው «እምቢ አሻፈረኝ» እያለ ነው የሚነሣው። ልጅ ሲለው ደግሞ ብልግና ነው። በሁለቱም ውስጥ ግን እምቢ የሚለው ሰው ፈቅዶ፣ አውቆ እንዳለው አድርገን እናስባለን። ሚጡ ሌላ እምቢታ አሳየችኝ፤ ባለቤቱ ሳይፈልገው የሚመጣበት፣ የሚወደውን ነገር እንኳ ከእጁ የሚነጥቀው።

ኦቲዝም እንዳለባት ካወቅን ያኔ ሁለት ዓመት አልፎን ነበር። ቃሉ አዲስ አልሆነብንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍቱ ቃሉን የሚያውቅ ወላጅ በጣም ጥቂት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስኪያርፉ ድረስ ሳይታክቱ ስለተናገሩለት እኔና ባለቤቴ ምርመራውን ስንሰማ ቢያንስ ስሙን እናውቀው ነበር። ነገር ግን ኦቲዝም ስንል የምናስበው የድምፅ ፍርሃቱን፣ የአንድ ነገር ፍቅሩን፣ ዓይን አለማየቱን ነበር። እምቢታዋን የጸባይ ነገር አድርገን ለብቻ አስቀመጥነው። ትምህርት ቤቷም ይህንኑ አጸናልን። «እኛ ጋ እኮ እንደ እሷ ጨዋ የለም፤ እናንተ ናችሁ ያሞላቀቃችኋት» አሉን። እውነት ነው፣ እዚያ ትታዘዛለች። ቤት ስትደርስ ግን ቦርሳዋን በር ላይ ወርውራ፣ ካልሲዋ እግሯን የቆረጠው ይመስል ትጮሃለች። ቀኑን ሙሉ ይዛ የዋለችውን ቤቷ ስትደርስ እንደምትለቀው ማን ይንገረን? እኛ ጋ የምትፈነዳው ስለምታምነን መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወሰደብን።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ አዲስ አበባ ላለች አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ደውዬ የእግሯን ነገር ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታኝ ሲያበቃ ኤልሳቤጥ ኒውሰን የተባለች እንግሊዛዊት ባለሙያ ታሪክ አጫወተችኝ። ኒውሰን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ ልጆች ስትመረምር፣ ኦቲዝም ያለባቸውን የሚመስሉ፣ ነገር ግን ከተለመደው መልክ ወጣ ያሉ ልጆች ታያለች። ሰው ሲጠይቃቸው ይሸሻሉ፤ ሽሽታቸውም ዝም ብሎ አይደለም፤ ሰበብ ይፈጥራሉ፣ ወሬ ይቀይራሉ፣ ሌላ ፍጡር ሆነው ይጫወታሉ። (ድመቷ ትዝ አለችኝ።) ያን ጊዜ «ፓቶሎጂካል ዲማንድ አቮይዳንስ» የሚል ስም ሰጠችው፤ ከባልደረቦቿ ጋር በሕክምና መጽሔት ያወጣችው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

ስሙን በአማርኛ ለማምጣት ብዙ ታገልኩ። «ትዕዛዝ መሸሽ» ብለው ይጠብባል፤ ትዕዛዝ ያልሆነውንም ይሸሻሉና። «ቡና ትጠጫለሽ?» የሚል ጥያቄ መልስ ይጠይቃል። ረሃብም ብሉ ይላል፣ ሽንት ቤትም ሂዱ ይላል፣ በጉጉት የተጠበቀ ቅዳሜም ተነሡ ይላል። ስለዚህ ለራሴ «ጫና መሸሽ» አልኩት። «ፓቶሎጂካል» የሚለውን በሽታ አመልካች ቃል የማይወዱ፣ ይልቁንም ራስን በራስ የመምራት ብርቱ ግፊት ነው ማለትን የሚመርጡ አሉ፤ እኔም ወደ እነሱ አደላለሁ።

ባለሙያዋ አንድ ነገር ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ይህ ራሱን የቻለ ምርመራ ሆኖ በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባ ውስጥም ሆነ በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ውስጥ የለም፤ ተመራማሪዎችም ይከራከሩበታል። ስሙን ለጥፋችሁ ብቻ አትቀመጡ ብላ ለባለቤቴም ነገረቻት፤ እያንዳንዱን እምቢታ ምን እንዳመጣው ፈልጉ አለችን። ፈለግን። ጸጉሯን መታጠብ እምቢ የምትለው ውሃው ራሷ ላይ ሲወርድ ስለሚያማት ነው። ሹሩባ እምቢ የምትለው የጣት ጉተታው ስለሚያንገበግባት ነው። እንግዳ ቤት መሄድ እምቢ የምትለው እዚያ ምን እንደሚጠብቃት ስለማታውቅ ነው። እነዚህን አንድ በአንድ ስናነሣላት ግማሹ እምቢታ አብሮ ተነሣ። የቀረው ግማሽ ግን ምንም ምክንያት አልተገኘለትም፤ መጠየቁ ራሱ ነበር ምክንያቱ። ነገሩን ከሚያጠኑት ብዙዎቹ ከሥሩ የሚያገኙት ጭንቀትን ነው። ነገሩ ከእጇ ሲወጣ አካሏ አደጋ እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል፤ ልቧ ይመታል፤ ትሸሻለች፣ ትጋፈጣለች ወይም ትደርቃለች። እግሬ እምቢ አለኝ ስትል ያየችውን ነው የነገረችኝ።

«በሞቴ»

ችግሩን ከልጄ ወደ ራሴ አፍ ያዞርኩት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ እሑድ ቁጭ ብዬ በቤታችን የሚነገረውን አዳመጥኩ። ነይ፣ ተቀመጪ፣ እጅሽን ታጠቢ፣ ሰላም በያቸው፣ ሳሚያቸው፣ ብዪ፣ ድገሚ፣ ቀና በይ፣ እስኪ አንድ ዘፈን ዝፈኚላቸው። አንዱም ቁጣ አልነበረበትም። ፍቅር ነበር። እኛ የምንዋደደው በትዕዛዝ ነው፤ የማያዝዘን ሰው የረሳን ይመስለናል። እንግዳ ሲመጣ «ብሉ» ካልተባለ ቅር ይለዋል፤ አንድ ጊዜ ተብሎ ከተተወም ቅር ይለዋል። «በሞቴ» እንላለን፤ «አፈር ስሆን» እንላለን። ሞታችንን መያዣ አድርገን አንድ ጉርሻ እንለምናለን። ለሌላው ልጅ ይህ ሙቀት ነው። ለሚጡ ግን ከአያቷ ሞትና ከአንድ ጉርሻ መሃል እንድትመርጥ መጠየቅ ነው።

እናቴ ይህን ስነግራት በጣም ተከፋች። ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ቡና እያፈላች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ «ታዲያ ሳላጎርሳት በምን ልውደዳት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እስካሁን የሰማሁት ከባዱ ጥያቄ እሱ ነው። የሕፃናት ባለሙያዎች የሚሉትን ሁሉ ሰብስቤ ለእናቴ ጥያቄ መልስ ላገኝበት አልቻልኩም፤ ያገኘችው ራሷ ናት። ጉርሻውን ጠቅልላ የሚጡ ሳህን ዳር ላይ ታኖርና ፊቷን ወደ ረከቦቱ ትመልሳለች። አንዳንዴ ጉርሻው ይበላል። አንዳንዴ ሁሉም ተነሥቶ ሳለ እዚያው ደርቆ ይገኛል። እናቴ ታነሣዋለች፤ በማግስቱ ደግሞ ትጠቀልላለች። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው» የሚለውን ተረት ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ሲኖር ያየሁት ግን እሷ ላይ ነው።

እኔ ከአዛውንቱ የሰማሁትን ይዤ ነው የጀመርኩት። «ጫማሽን አድርጊ» የነበረው «ጫማው በሩ ጋ ነው» ሆነ። «ደብተርሽን አውጪ» የነበረው «እኔ የተማሪዎቼን ፈተና ላርም ነው፤ ጠረጴዛው ሰፊ ነው» ሆነ። ሰዓት ሲያጥር ሰዓቱ ራሱ ይናገር ብለን ግድግዳ ላይ ትልቅ ሰዓት ሰቀልን፤ ከእኔ ጋር መጣላት ትታ ከሰዓቱ ጋር ትነጋገራለች። ኮከብ የሚለጠፍበት የሽልማት ሰንጠረዥ ነበረን፤ ቀድመን ነው ያነሣነው፤ ኮከቡን ስትፈልገው ፍላጎቱ ራሱ ሌላ ሸክም ይሆንባት ነበር። «ጎበዝ» ማለትንም ቀነስኩ፤ ዛሬ ጎበዝ የተባለ ልጅ ነገም ጎበዝ መሆን አለበትና። በእሷ ፊት ለእናቷ «ዛሬ ጥናታችን ቶሎ አለቀ» ስል ግን ጆሮዋ ቆሞ ስትሰማ አያታለሁ። ስትጮህ ደግሞ ምክር አይሰማም፤ ያን ጊዜ ድምፅ ቀንሶ፣ ሰው አርቆ፣ ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ ነው። ከጩኸቱ በኋላም ለምን አደረግሽው ተብላ አትመረመርም፤ ውሃ ይቀርብላታል።

ዓሣ መብላት በብልሃት ነው ይባላል፤ እኛ የጣና ዳር ሰዎች ይህን በጣታችን እናውቀዋለን። ብልሃት ስል ግን ማታለል ማለቴ እንዳይመስል። አንዳንድ መመሪያዎች ትዕዛዙን ደብቃችሁ አቅርቡ ይላሉ፤ እኔ አልስማማም። ልጄ ብልህ ናት፤ የተደበቀ መንጠቆ ከግልጽ ትዕዛዝ ይልቅ ያስፈራታል። የምችለው መንጠቆውን ደብቆ መወርወር ሳይሆን መንጠቆውን መተው ነው። «ጫማው በሩ ጋ ነው» ስል፣ ጫማው ሳይደረግ ቢቀር ልቀበል ካልተዘጋጀሁ ቃሌ ያው ትዕዛዝ ነው፤ እሷም ታውቀዋለች።

የማልተወው ነገር አለኝ፤ ይህን የማይነግሩ ጽሑፎች ያናድዱኛል። ውሃው ዳር ብቻዋን አትሄድም። አስፋልት ስታቋርጥ እጄን ትይዛለች። ሌላ ልጅ አትመታም። እነዚህ ሦስቱ ናቸው፤ ሦስት ብቻ ስለሆኑም ትሸከማቸዋለች። ምክንያታቸውን በረጋ ቀን ተነጋግረንባቸዋል፤ የአስፋልቱን እጅ አያያዝ እሷ ናት የመረጠችው፣ ትንሿን ጣቴን ብቻ። ቀድሞ በቀን አርባ ሕግ ነበረን። ሠላሳ ሰባቱን ስንተው ዘመድ «ለቀቃችኋት» አለን። ልጅን መልቀቅና ሸክም ማቅለል የተለያዩ መሆናቸውን በእያንዳንዱ በዓል፣ በእያንዳንዱ ዘመድ ፊት እንደገና ማስረዳት ያደክማል። ባለቤቴ አሁን ማስረዳቱን ትታዋለች፤ «እንዲህ ነው የምናሳድጋት» ብላ ቡና ታቀርባለች።

ሁልጊዜ አይሠራም። ትናንት የሠራ ዛሬ አይሠራም፤ እንቅልፍ ያጣች ቀን፣ ትምህርት ቤት ጩኸት የበዛበት ቀን፣ ጸጉሯ እንኳ የሚከብዳት ቀን አለ። እኔም ከስድሳ ተማሪ ጋር ውዬ ስገባ አፌ ወደ ለመደበት ይመለሳል። «አልኩሽ እኮ!» ብዬ እጮሃለሁ። ያኔ ሄጄ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ባደግኩበት ቤት አላየሁም፤ አንደበቴ እስኪለምደው ብዙ ተንገዳግዷል።

ባለፈው ቅዳሜ

ባለፈው ሳምንት ዓርብ ማታ፣ ማንንም ሳላይ «ነገ ጠዋት ውሃው ዳር ልሄድ ነው» አልኩ። ሚጡ ከሥዕሏ ቀና ሳትል «አባዬ፣ ይሄ ትዕዛዝ ነው?» አለችኝ። ስምንት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፤ ምንም አያመልጣትም። አሰብኩበትና «ግማሹ ነው። ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ባትመጪም እሄዳለሁ» አልኳት። «እሺ» አላለችም፤ እምቢም አላለችም።

ጠዋት ጫማዬን ሳስር እሷም በሩ ጋ ነበረች፤ ጫማዋ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። አልተናገርኩም። አስፋልቱን ትንሿን ጣቴን ይዛ ተሻገረች። አዛውንቱ የሉም ነበር፤ አንድ ወጣት እንቦጭ ከታንኳው አፍንጫ ላይ እየነቀለ ይጥላል። ሁለት መንገደኞች አሳፍሮ ቦታ ቀርቶታል፤ ወደ እኛ እያየ «ትሻገራላችሁ?» አለ። ሚጡ እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። ሳላስበው ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እሷ እንዳታየው ፊቴን ወደ ደሴቱ አዞርኩ።

«አባዬ» አለችኝ ቆይታ። «ዛሬ እግሬ እምቢ አላለኝም። እያሰበ ነው።»

ወጣቱን «እናንተ ሂዱ» አልኩት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጥን፤ ታንኳው እየራቀ ሲሄድ፣ ውሃ መጠጣት የጀመረው በየትኛው ጎኑ እንደሆነ አሳየችኝ።